የገብረሥላሴ ልጆች፦ አንድ የአባት ስም በላቲን ፊደል ስንት ይሆናል?

በአትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና መዝገብ ላይ ሦስት «ገብረሥላሴ»ዎች ወርቅ ይዘው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ኃይሌ ነው። ከ1993 እስከ 1999 በ10,000 ሜትር አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፏል። (ዓመቶቹን እንደ ስፖርቱ መዝገብ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።) ሁለተኛው ኤርትራዊው ግርማይ ነው። በ2015 ቤይጂንግ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ለኤርትራም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሆነ። ሦስተኛዋ ጎይተቶም ናት። በ2022 አሜሪካ፣ ዩጂን ከተማ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሳ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰበረች።

በእኛ ፊደል የሦስቱም አባት ስም አንድ ነው። ገ፣ ብ፣ ረ፣ ሥ፣ ላ፣ ሴ። ስድስት ፊደል፣ አለቀ። በላቲን ፊደል ግን የኃይሌ 12 ፊደል አለው፣ የግርማይ 13፣ የጎይተቶም 10። ውጤቱን የሚያነብ የውጭ ሰው ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ያያል። ትንሽ ጠርጠር ያደረገው ደግሞ «ወንድምና እህት ናቸው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አይደለም። ኃይሌ የአርሲ ልጅ ነው፣ ግርማይ የኤርትራ፣ ጎይተቶም የትግራይ። የሚያገናኛቸው ሦስት የተለያዩ አባቶች አንድ ዓይነት ስም መያዛቸው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የአትሌቶች ብቻ አይደለም። አባቱ ወይም አያቱ ገብረሥላሴ የሆነ ሰው ዲግሪው ላይ አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ የባንክ ሒሳቡ ላይ ሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ማየት የተለመደ ነው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ የስሙም አይደለም። ሁለት የተለያዩ የስም ሥርዓቶችና ሁለት የተለያዩ የአጻጻፍ ሥርዓቶች ሲገናኙ የሚፈጠር ችግር ነው። ከየት እንደሚመጣ ካወቅነው አብዛኛውን መከላከል ይቻላል።

ስሙ የማን ነው?

ገብረ ሥላሴ ግእዝ ነው፤ የሥላሴ አገልጋይ ማለት ነው። «ገብረ» ብቻውን አይቆምም፤ «የማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። መልሱ ማርያም ከሆነ ገብረማርያም፣ መድኅን ከሆነ ገብረመድኅን፣ ኢየሱስ ከሆነ ገብረኢየሱስ ይሆናል። በ«ወልደ»፣ በ«ኃይለ»፣ በ«ተክለ»፣ በ«ሀብተ»፣ በ«ኪዳነ» የሚጀምሩትም እንዲሁ ናቸው። ለሴቶች ወለተ ሥላሴ ወይም አመተ ሥላሴ አለ። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ እንዲህ ያለ ስም ይሰጣሉ። ለብዙዎቻችን የክርስትና ስም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ይቀመጣል፤ በዓለም ስማችን እንጠራለን። የክርስትና ስሙ መጠሪያው ሆኖ የቀረ ሰው ግን ሞልቷል፣ በተለይ በቀድሞው ትውልድ። ቤት ውስጥ ሙሉው ስለሚረዝም «ገብሬ» ይሉታል።

እንግዲህ ገብረሥላሴ መጀመሪያ የአንድ ሰው የራሱ ስም ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን እንውሰድ። ገብረ ሥላሴ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ አባታቸው ወልደ አረጋይ ይባላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሲወልድ ስሙ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄድና የአባት ስም ይሆናል። የልጅ ልጅ ሲመጣ የአያት ስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከወረቀት ላይ ይወጣል፤ የሚያስታውሰው ዘር የሚቆጥር ዘመድ ብቻ ነው።

ኃይሌ የገብረሥላሴ ልጅ ነው። የኃይሌ ልጆች የአባት ስም ግን «ኃይሌ» ነው። ሐዋሳ ያለው ሆቴሉም «ኃይሌ ሪዞርት» ነው የሚባለው። የውጭ ጋዜጠኛ በሲድኒ ኦሊምፒክ «ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው» ሲል፣ በእኛ ጆሮ ቴርጋትን የቀደሙት የኃይሌ አባት ናቸው። እኛ ሰውን በራሱ ስም ነው የምንጠራው፣ በራሱ ስም ነው የምናከብረው። «አቶ» ወይም «ዶክተር» የሚለው ማዕረግም ከራሱ ስም ፊት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ገብረኢየሱስ በዓለም መድረክ ሁሉ «ዶክተር ቴድሮስ» የሚባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ሦስተኛውን ስም ይዞ «ዶክተር ገብረኢየሱስ» የሚል ሰው አያታቸውን እየጠራ ነው።

የአባት ስም በጾታም አይለወጥም። የገብረሥላሴ ልጅ ወንድም ሆነ ሴት ገብረሥላሴ ነው። አይስላንዶችም በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ እነሱ ግን ለወንድ «ሶን»፣ ለሴት «ዶቲር» ይቀጥሉበታል። እኛ ምንም አንቀጥልም። ሴት ስታገባም ስሟን አትለውጥም፤ የአባቷ ልጅ ሆና ትቀጥላለች። በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያዩ «የመጨረሻ ስሞች» ቢኖሯቸው ምንም የጎደለ ነገር የለም።

ይህን ልማድ ሕግ ሊለውጠው ሞክሮ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። በአውሮፓ አሳብ የተቀረጸ ድንጋጌ ነው፤ ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕዝቡ ግን አልተከተለውም። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎም ስማችንን የምንጽፈው በራስ፣ በአባት፣ በአያት ቅደም ተከተል ነው።

በራሳችን ፊደልም አንድ ዓይነት አይደለም

የላቲኑን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንይ። ትክክለኛው «ሥላሴ» በንጉሡ «ሠ» ነው፤ በግእዝ ሦስት ቁጥር «ሠለስቱ» ስለሚባል ሥሩ እሱ ነው። ዛሬ ግን «ስላሴ» ብሎ በእሳቱ «ሰ» የሚጽፈው ይበዛል፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ እሱ ይቀላል። በትግርኛ ደግሞ መጨረሻው «ሰ» ሆኖ «ገብረስላሰ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የቋንቋው ልማድ ነው፣ ስህተት አይደለም። ከዚያ ላይ አንዱ «ገብረ ሥላሴ» ብሎ ለያይቶ፣ ሌላው «ገብረሥላሴ» ብሎ አያይዞ ይጽፋል። የቆዩ ጽሑፎች መለየት ይወዳሉ፤ ዘመናዊው መታወቂያና ጋዜጣ ማያያዝ ይወዳል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት ማለት አልችልም።

አንድ የቢሮ ልማድ ግን ብዙ መዘዝ አለው። «ገ/ሥላሴ» የምትለው አጻጻፍ። የቀበሌ ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ፣ የደመወዝ ሠራተኛ ሁሉም ይጠቀሟታል። ወ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል፣ ተ/ሃይማኖትም እንዲሁ። ለአማርኛ አንባቢ ሙሉ ናት፤ ሁላችንም «ገብረሥላሴ» ብለን ነው የምናነባት። ችግሩ የሚጀምረው ወደ እንግሊዝኛ ስትዞር ነው። የ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ «ጂ» ተጽፎ፣ ዘንበል ያለ መስመር ተጨምሮ፣ «ሥላሴ» ይከተላል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መስመሩ በነጥብ ይለወጣል። ውጭ አገር ሲያመለክት ደግሞ «ጂ» የመካከለኛ ስም መነሻ ተደርጋ ትወሰዳለች፣ «ሥላሴ» ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። አንድ ስም ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ ግማሹም ጠፋ። «ገ» ደግሞ ገብረ መሆኗን ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም።

ፊደል በፊደል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ስድስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ወደ ላቲን እናዙራቸው።

«ገ»። እንግሊዝኛም፣ ጣልያንኛም፣ ፈረንሳይኛም «ጂ» ከ«ኢ» ፊት ስትመጣ ብዙ ጊዜ ላልታ ወደ «ጀ» ትጠጋለች። ጣልያኖች «ገ» እንዲባል ከመካከል «ኤች» ያስገባሉ። ኤርትራ ከ1890 እስከ 1941 በጣልያን ቅኝ ግዛት ስለነበረች ይህ አጻጻፍ እዚያ ሥር ሰደደ። የግርማይ ስም በ«ጂ-ኤች» የሚጀምረው ለዚህ ነው። አሥመራ የተወለዱት ዶክተር ቴድሮስም «ገብረኢየሱስ»ን በ«ጂ-ኤች» ነው የሚጽፉት። ፈረንሳዮች ደግሞ «ዩ» ያስገባሉ። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ፓሪስ ላይ ሲታተም የደራሲው ስም በ«ጂ-ዩ» ተጀምሮ፣ ሁለቱም «ኢ»ዎች ላይ ጭረት ተደርጎባቸው ወጣ። በእንግሊዝኛ የተማረው የእኛ ሰው «ጂ» ብቻ ይበቃኛል አለ። የፊደሏን አመጣጥ አይቶ ቤተሰቡ በየትኛው የውጭ ቋንቋ ጥላ ሥር እንዳለፈ መገመት ይቻላል።

«ብ» ብዙ አያስቸግርም፤ ሳድስ ናት፣ እዚህ ስም ውስጥ አናባቢ አይሰማባትም።

«ረ»። ግእዝ ናት፣ ድምፅ አላት፤ ስለዚህ ከ«አር» በኋላ «ኢ» መኖር አለበት። የግርማይና የጎይተቶም አለው። የኃይሌ የለውም። «አር» በቀጥታ ከ«ኤስ» ጋር ተጣብቋል። ያ አጻጻፍ በውጤት ሰሌዳ፣ በጋዜጣ፣ በክብረ ወሰን መዝገብ ገብቶ በዚያው ጸና። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጦ የመጀመሪያው ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ ሰው ሲሆን በዚያ አጻጻፍ ነው የተመዘገበው። ዛሬ «ተሳስቷል» ብሎ ማረም ትርጉም የለውም። ስሙ የእሱ ነው፣ ዓለምም በዚያ ያውቀዋል።

«ሥ»። እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። የሳድስ ድምፃችን በእንግሊዝኛ ፊደል የለውም። አንዱ «ኢ» ያደርግለታል፣ ሌላው «አይ»፣ ሌላው ምንም ሳያደርግ «ኤስ»ን ከ«ኤል» ጋር ያጣብቃል። ኃይሌ «ኢ» አለው፤ ግርማይና ጎይተቶም የላቸውም። ሦስቱም ራሳቸውን ማስረዳት ይችላሉ፤ ምክንያቱም ሳድስ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም።

«ላ»። ስሙን ጮክ ብላችሁ በሉት። «ላ» ትጠብቃለች። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ላቲን ግን ሁለት «ኤል» በመደርደር ሊያሳይ ይችላል። በንጉሡ ዘመን መንግሥት ይህን ነበር የሚመርጠው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ሁለት «ኤል» ነበረ። ስለ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በእንግሊዝኛ ትልቅ የታሪክ ሥራ የጻፉት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴም በሁለት «ኤል»፣ በመካከሉም በሰረዝ ነበር የሚጽፉት። መጽሐፋቸው በ1975 ኦክስፎርድ ላይ ሲታተም በዚያ ስም ነው የወጣው። ከድምፁ አንጻር ይሄ አጻጻፍ የበለጠ የተጠነቀቀ ይመስለኛል። ግን እየቀረ መጥቷል።

«ሴ»። እዚህ ብዙ ሰው ሁለት «ኤስ» ይጽፋል። «ሴ» ስለምትጠብቅ አይደለም፤ አትጠብቅም። በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢ መካከል ያለች አንድ «ኤስ» «ዝ» ትሆናለች። «ሥላዜ» እንዳይባል ሁለት ተደረገች። ፈረንሳይኛ በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ዋና የውጭ ቋንቋ ነበርና አጻጻፉ ቀረ። ጎይተቶም ግን በአንድ «ኤስ» ነው የምትጽፈው። መጨረሻ ላይ ያለችው «አይ-ኢ» ደግሞ የኃምሱን ድምፅ ለማሳየት የገባች ናት። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን «ኢ» አድርጎ ያነባታል። «ሴላሲ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው።

ልብ በሉ፤ አንዲቷ የ«ኢ» ፊደል በዚህ ስም ውስጥ ሦስት ሥራ ትሠራለች። በ«ገ» እና በ«ረ» ግእዝ፣ በ«ሥ» ሳድስ፣ በ«ሴ» ኃምስ ሆና ትቆማለች። ወደ ላቲን ስንሄድ እናውቃለን፤ ከላቲን ወደ ራሳችን መመለስ ግን ለማያውቅ ሰው አይቻልም። ውጭ ያደገ ልጅ የአያቱን ስም «ጌብሬ ሴላሲ» ብሎ ቢያነብ አትቆጡት። ከፊቱ ያለውን ነው ያነበበው።

እስቲ ምርጫዎቹን እንቁጠራቸው። «ገ» በሦስት መንገድ፣ «ረ» በሁለት፣ «ሥ» በሦስት፣ «ላ» በሁለት፣ «ሴ» በአንድ ወይም በሁለት «ኤስ»፣ መጨረሻው በ«አይ-ኢ» ወይም በ«ኢ» ብቻ። ከዚያ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው፣ ተለያይተው ወይም በሰረዝ። ሲባዛ 432 ይመጣል። ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ በጆሮው ሰምቶ ሲጽፍ ከ432 በሮች በአንዱ ነው የሚገባው። በዓረብ አገር የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ መንገድ ይጨመርባቸዋል። መደበኛው ዓረብኛ የ«ገ» ፊደል የለውም፤ በሚቀርበው ፊደል ይተካል። ከዓረብኛው ሰነድ እንደገና ወደ ላቲን ሲዞር ስሙ ከፓስፖርቱ ሊለይ ይችላል።

«ሥላሴ» ብቻውን ሲቀር

ከአጻጻፉ የባሰው መቆረጡ ነው። ስሙ ለያይቶ ሲጻፍ የውጭ ሥርዓት የመጨረሻውን ቃል አንሥቶ «የቤተሰብ ስም ይህ ነው» ይላል። የሕግ ምሁሩ በረከት ሀብተ ሥላሴ የኤርትራ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን ሊቀመንበር ነበሩ። አባታቸው ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ማጣቀሻ ላይ ግን «ሥላሴ፣ በረከት ሀብተ» ሆነው ይገኛሉ። አባትየው ለሁለት ተከፍለው «ሀብተ» የልጁ መካከለኛ ስም ሆነ። የኢትዮጵያ ጥናት ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ፊደል ነው የሚደረድሩት፤ በረከትን «በ» ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሁሉም ቤተ መጻሕፍት ይህን ቢከተል ምንኛ በጠቀመ።

የንጉሣውያኑ ስም ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። አንድ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ይባላሉ። የእሳቸው ልጅ ልዑል ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰንም በስደት ሳሉ አምኃ ሥላሴ ተብለዋል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ «ሥላሴ» ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ይመስላል። አይደለም። እያንዳንዱ ለየብቻው የተሰጠ ሙሉ ስም ነው። ሥላሴ የፈጣሪ ስም ነው፤ ለብቻው የሰው መጠሪያ አይሆንም። «ሚስተር ሥላሴ» ሲባል የሚሰቀጥጠን ለዚህ ነው። ስሜቱ ትክክል ነው፣ ልንገልጸውም ይገባል።

ስሙ በእውነት የቤተሰብ ስም የሆነበት ቦታም አለ። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ቼክ ሪፐብሊክ ተወልዶ ያደገ የቀድሞ የእግር ኳስ ተከላካይ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ ናት። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተሰለፈ፤ ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ከዚያ እስከ 2021 በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ቆየ። እህቱ አና እጅ ኳስ ተጫውታለች። የቼክ ሴቶች የቤተሰብ ስም ብዙውን ጊዜ በ«ኦቫ» ያልቃል፤ እሷ ግን ገብረ ሥላሴ ናት። እዚያ ስሙ በሦስት ትውልድ ከወረቀት አይወጣም፤ እንደ ማንኛውም የቼክ ስም ለልጅ ልጅ ያልፋል። ይህን እንደ መበላሸት አላየውም። ስሙ በአዲስ አገር አዲስ ሥራ አግኝቷል፣ ለያይተው በመጻፋቸውም ሁለቱንም ቃል በክብር ጠብቀውታል።

ወረቀታችሁን ስታስተካክሉ

ፓስፖርታችሁን ግለጡና ከፎቶው ሥር ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የጠረፍ መኮንኑ ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። በዚያ መስመር ላይ ሰረዝ አይገባም፤ ሰረዝ ያለው ስም ሰረዙ ወጥቶ በቦታው የመሙያ ምልክት ይገባል። የአውሮፕላን ትኬት ላይም ክፍት ቦታው ብዙ ጊዜ ይጠፋና ሁለቱ ቃላት ይጣበቃሉ። ይህ አያሳስባችሁ፤ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው የፊደል መጉደልና መጨመር ነው። «ረ» ላይ ያለችው «ኢ» በፓስፖርቱ ላይ ኖራ በትኬቱ ላይ ከሌለች፣ ያንን በጊዜ አስተካክሉ።

«ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ መከራከር ብዙ አይጠቅምም። ትክክለኛው ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ ወደ እሱ ይምጣ። ፋይዳ መታወቂያ ስታወጡ ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይመዘገባልና የእንግሊዝኛውን ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩት። የቆየ ዲግሪ ላይ ያለው የሚለይ ከሆነ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ሕጋዊ ማረጋገጫ አውጡ፤ አንዴ ካወጣችሁት ለብዙ ዓመት ይሠራል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በኢሚግሬሽን ቅጾች ላይ «ሌሎች የተጠቀምክባቸው ስሞች» የሚለውን ቦታ ባዶ አትተዉት። ሁሉንም አጻጻፍ፣ «ጂ ነጥብ ሥላሴ» የምትለዋን ጭምር፣ እዚያ አስገቡ። መደበቅ ጥርጣሬ ያመጣል፤ መዘርዘር ግን ነገሩን ይዘጋዋል። ዜግነት ስትወስዱም ስምን በሕግ ማስተካከል ይቻላል። ተመራማሪ ከሆናችሁ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሐዝ መለያ ቁጥር በነፃ አውጡ፤ ስማችሁ በየመጽሔቱ ቢለያይም ሥራችሁ አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

ገና ከመጀመሪያ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ አያይዞ፣ ያለ ሰረዝ፣ «ረ» ላይም «ሥ» ላይም «ኢ» አድርጎ እንዲጽፍ እመክረዋለሁ። ተያይዞ ሲጻፍ ማንም «ሥላሴ»ን ቆርጦ አይወስደውም። «ኢ»ዎቹ ሲኖሩ ደግሞ የውጭ ሰው ቢያንስ ሁሉንም ክፍለ ቃል ይጠራዋል።

ውጭ አገር ልጅ ሲወለድ ወላጆች ሁለት መንገድ አላቸው። እንደ እኛ ልማድ የአባትየውን ስም ከሰጡት ልጁ የአባቱ ልጅ ይሆናል፤ ነገር ግን የመጨረሻ ስሙ ከአባቱም ከእናቱም ይለያል። አብራችሁ ስትጓዙ የልደት ወረቀቱን መያዝ ሊያስፈልጋችሁ ነው። የአባትየውን የመጨረሻ ስም ከሰጡት ደግሞ ወረቀቱ ይቀላል፤ አያት ገብረሥላሴም በልጅ ልጃቸው ላይ ይቀጥላሉ። ሁለቱም መንገድ የሚያስከብር ነው። ዋናው ባልና ሚስት ምጥ ከመምጣቱ በፊት ተነጋግረው መወሰናቸው ነው፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልጅም ያንኑ መድገም አለባቸው። የመረጣችሁትን አጻጻፍ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉና ወደ ሆስፒታል ከምትይዙት ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛ በጆሮው ሰምቶ ከሚጽፍ ከዚያ ወረቀት ላይ ይገልብጠው።